ጫማህን ከሰቀልህ በኋላ

ልጄ፣

የጉልበትህ ጅማት ከእንግዲህ ዘጠና ደቂቃ እንደማይችል ሐኪሙ ከነገረህ በኋላ የጻፍህልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። «ጋሼ፣ ከኳስ በቀር የማውቀው ሙያ የለኝም። ካርቱም ተመልሼ የሰፈራችንን ልጆች ላሰልጥን ወይስ እንጀራዬን በሌላ ሥራ ልፈልግ?» ብለሃል። በካርቱም ዴም ሰፈር ውስጥ ፀሐይዋ ስትበርድ ከሱዳናውያኑ ልጆች ጋር በባዶ እግርህ ዳፉሪ የሚሉትን የሰፈር ኳስ ከምትጫወትበት ጊዜ ጀምሮ ስለማውቅህ መልሱ አላስቸገረኝም። አሰልጥን። ነገር ግን ስንት ጎበዝ ተጫዋች በዝናው ተማምኖ ወደዚህ ሥራ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ እንደወጣ አይቻለሁና አንተ እንዳትወጣ ብዬ ይህን እጽፍልሃለሁ። ዓመቶቹን በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር አደርጋቸዋለሁ፤ የእግር ኳሱ መዝገብ በዚያ ስለሆነ ለማመሳከር አትቸገርም።

1. መጫወቱን ጨርሰህ አቁም።

ግማሽ ተጫዋች፣ ግማሽ አሰልጣኝ ሆነህ ጥቂት ጊዜ መቆየት እንደምታስብ ከአጻጻፍህ ይታወቃል። ተው። በልምምድ መሐል ገብተህ ኳስ ነጥቀህ፣ አብዶ ሠርተህ ልጆቹን ያስጨበጨብህ ቀን አንተን ያየ እንጂ የተማረ ልጅ የለም። ማሳየት ያለብህን አንድ ጊዜ፣ ቀስ አድርገህ አሳይና ከመስመር ውጣ። የድሮ ጓደኞችህ ለዓርብ ጨዋታ ሲጠሩህም እምቢ በል። ሐዘንህ የማይገባኝ አይምሰልህ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስሙ በኳስ የተጠራ ሰው ኳሱን ሲያስቀምጥ የሚሰማው የቤተሰብ ሰው የመቅበር ያህል ነው። እዘን፤ በልጆቹ ፊት ግን አትዘን።

2. የምትመለስባት ከተማ በእግር ኳስ ታሪክ ምን እንደሆነች እወቅ።

ይህን ያስቀደምሁት በምክንያት ነው። የካርቱም ሐበሻ ልጅ ብዙ ጊዜ ራሱን እንደ መንገደኛ ይቆጥራል፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ወደ ሌላ አገር። አንተ የምትቆምበት ከተማ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ የተወለደበት ነው፤ ከአዋላጆቹም አንዱ የእኛ ሰው ነው።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ በፈረንጁ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ተመሠረተ። ሱዳን ነፃነቷን ካወጀች ገና አንድ ዓመት ከአንድ ወር ነበር። መሥራቾቹ አራት አገሮች ናቸው፤ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የኢትዮጵያን ወንበር የያዙት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ጅማ ተወልደው፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረው ያደጉ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። በጠቅላላው ለ23 ዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ ለብሰዋል፤ ከ300 በላይ ጎልም በስማቸው ተመዝግቧል። በዚያ ስብሰባ ላይ 35 ዓመታቸው ነበር። እኔና አንተ «አበቃልኝ» የምንልበት ዕድሜ ማለት ነው።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ካርቱም በአዲሱ የማዘጋጃ ቤት ስታዲየም ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን እንደማታሰልፍ ታወቀ። ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ። ሦስቱ አገሮች «እንግዲያው አትጫወቱም» አሉ። ውድድሩ በሦስት ቡድን ቀረ፤ ደቡብ አፍሪካ የደረሰቻት ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች።

እስቲ አስበው። ገና በተወለደ ማኅበር፣ ከአራት አባላት አንዱን ማስወጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ዋንጫው ሙሉ ይሁን፣ መርሁ ኋላ ይደርሳል ማለት ይቻል ነበር። አላሉም። አቶ ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ አሰልጣኝ ሆኑ፤ በ1972 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ኦገስት 1987፣ በዚያ ወንበር ቆዩ፤ የደቡብ አፍሪካንም ጉዳይ አንድ ቀን አልተዉትም። ፊፋ ያችን አገር ሙሉ በሙሉ ያባረረው በ1976 ነው። ካርቱም ላይ የተጀመረው ነገር ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ደቡብ አፍሪካ ዘረኛውን ሕግ ጥላ ወደ ሜዳ ስትመለስ እሳቸው አላዩም።

አንተም በትንሿ ሜዳህ እንዲህ ያለ ቀን ይገጥምሃል። አንዱ ወላጅ «የእነ እገሌ ልጅ ከእኔ ልጅ ጋር አይሰለፍም» ይልሃል፤ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ ወይም ደግሞ አገር ቤት ባለው ጠብ የተነሣ። ማሊያ የሚገዛልህም ሰው ሊሆን ይችላል። የዚያን ዕለት ቡድንህ ቢጎድል ይጉደል።

3. ኳስ የሌለውን ሰው ተመልከት።

እስከ ዛሬ ዓይንህ ኳሱን ሲከተል ኖሯል፤ ተጫዋች ነበርህና ትክክል ነው። አሁን ልምዱን መለወጥ አለብህ። ጨዋታ ለማየት ስትሄድ ከአንድ ቡድን አንድ ተጫዋች ብቻ ምረጥና ለሩብ ሰዓት ያህል ኳሱ የትም ይሁን የት እሱን ብቻ እይ። ኳስ ሳትደርሰው በፊት ዞር ብሎ ኋላውን ያያል? ጓደኛው ሲያልፍ ቦታውን ይሸፍናል? ጎል ከተቆጠረ በኋላ ፊቱ ወዴት ነው? ማስታወሻ ያዝ። በማግሥቱ ሌላ ሰው ምረጥ። ከጎሉ ጀርባ ስትቆም የሜዳው ስፋት በደንብ ይታይሃል፤ ከጎን ስትቆም በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ይታይሃል። ቦታ እየቀያየርህ እይ።

የዳኝነት ኮርስ ካገኘህም ውሰድ። በ1957ቱ የካርቱም ፍጻሜ ግብፅ 4 ለ 0 ስታሸንፈን አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የሚሉት መሐመድ ዲያብ አል-አታር ነበር። ያ ሰው መጫወቱን ሲተው ፊሽካ ያዘ። በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 ያሸነፈችበትን ፍጻሜ የዳኘው እሱ ነው። ጎል በማግባት የታወቀ አጥቂ ሕጉን ቁጭ ብሎ ተምሮ በሌላ ሙያ እስከ ፍጻሜ ደረሰ። ሕጉን የሚያውቅ አሰልጣኝ ከዳኛ ጋር ሲጨቃጨቅ አታየውም፤ ልጆቹም አይጨቃጨቁም።

4. አምስት ዓመት ስጠው።

«በዓመቱ ዋንጫ ካላመጣሁ ማን ያምነኛል» ብለሃል። ይህን ሐሳብ ከልብህ አውጣ። በ1957 ካርቱም ላይ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን። በ1959 ካይሮ ላይ በዚያችው ግብፅ እንደገና 4 ለ 0 ተሸነፍን፤ ሱዳንም 1 ለ 0 አሸነፈችን። በሁለት ዋንጫ አንድም ጎል አላገባንም። በዛሬ ወሬ ቢሆን አሰልጣኝ ተባሮ፣ ፌዴሬሽን ፈርሶ፣ ተጫዋች ሁሉ ተሰድቦ ነበር።

በ1962 ዋንጫው አዲስ አበባ ሲመጣ ቡድኑን ያሰለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ከአስመራ የመጡ፣ አዲስ አበባ ያደጉ፣ ቋንቋቸውም አስተዳደጋቸውም የተለያየ ልጆች ናቸው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ የተወለደ፣ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ነው፤ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ነበር። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈው ለፍጻሜ አለፉ፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ያችኑ ግብፅን ገጠሙ።

የዚያን ጨዋታ አካሄድ በቃልህ ያዘው። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ መራች። በ74ኛው አቻ ሆንን። በ75ኛው፣ ሕዝቡ ገና ተነሥቶ እየጨፈረ ሳለ፣ እንደገና አገቡብን። ቡድን የሚፈርሰው እንዲህ ባለው ደቂቃ ነው። አልፈረሰም፤ በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ አቻ አደረገ። በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ118ኛው ደቂቃ ጨመሩ። 4 ለ 2።

ልጆችህን ይህንኑ አለማምዳቸው። በልምምድ ጨዋታ አንዱ ቡድን ጎል ሲያገባ ፊሽካ ነፍተህ አታቋርጥ፤ ኳሱን ወዲያው ከመሐል አስጀምርና የሚቀጥሉትን አምስት ደቂቃዎች ማን እንደተኛ፣ ማን እንደነቃ ተመልከት። ጎል ካገባህ በኋላ ያለው ደቂቃና ጎል ከገባብህ በኋላ ያለው ደቂቃ ሁለቱም በልምምድ የሚሠሩ ናቸው። ብዙ አሰልጣኝ የሚተወው ይህን ነው፤ ቅጣት ምትና ማዕዘን ምት ሲያስደጋግም ይውላል።

5. በጭንቅ ሰዓት ጥቂት ተናገር።

ከእግር ኳስ ወጥቼ አንድ የእጅ ኳስ ሰው ልንገርህ። ቦግዳን ቬንታ ይባላል፤ ፖላንዳዊ ነው። ለአገሩ ተጫውቷል፤ ኋላም የጀርመንን ዜግነት ይዞ በ2000ው የሲድኒ ኦሎምፒክ ለጀርመን ተሰልፏል። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በ2004 የፖላንድን ብሔራዊ ቡድን ተረከበ። በ2007 ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ አደረሰው፤ በጀርመን ተሸንፎ የብር ሜዳልያ አገኘ። ከዚያ አገሩን ሁሉ ያስደነቀው ነገር በ2009 ክሮኤሺያ ላይ ሆነ። ከኖርዌይ ጋር አቻ ናቸው፤ ለግማሽ ፍጻሜ የሚያልፈው አንዱ ነው፤ የቀረው አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ኖርዌይ ጨዋታውን ስታስቆም ቬንታ ልጆቹን ሰበሰበ። አልጮኸም። ተረጋጉ፣ ጊዜ አለን፣ ብዙ ጊዜ ነው አላቸው። ኖርዌይ አንድ ተጫዋች ለመጨመር ግብ ጠባቂዋን አስወጥታ ነበር፤ አርቱር ሹድሚያክ የሚባለው ተከላካይ ኳሷን ነጥቆ ከሩቅ ወደ ባዶው ጎል ወረወራት። 31 ለ 30። ፖላንዶች ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ሰከንድን «አንድ ቬንታ» እያሉ ይጠሩታል።

ይህ ሰው ድግምት አልነበረውም። ኳሷ ባትነጠቅ ኖሮ ያ ንግግር ተረስቶ ይቀር ነበር፤ ይህንም አውቃለሁ። እኔን የሚደንቀኝ በዚያች አጭር ጊዜ የትኛው ቃል እንደሚያስፈልግ ማወቁ ነው። ተጫዋች ስለነበረ የተጫነ ጭንቅላት ሦስት ትእዛዝ እንደማይዝ ያውቃል። አንተም ታውቃለህ። ደጋፊ ሲጮህ፣ አሰልጣኝ ሲጮህ፣ በረኛ ሲጮህ ምን ሰምተህ ታውቃለህ? ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት የምትለውን ሁለት ነገር ቀድመህ ወስን። ሁለት ብቻ። ለአንድ ልጅ የምትነግረውን ነቀፌታ ደግሞ ለብቻው ጠርተህ፣ ስሙን ጠርተህ፣ ከጨዋታው በኋላ ንገረው።

6. ስትሸነፍ የት እንደተሸነፍህ ቁጠር።

በ1970 ዋንጫው ወደ ሱዳን ተመለሰ። ምድባችን ካርቱም ላይ ነበር። ሱዳን 3 ለ 0፣ ካሜሩን 3 ለ 2 አሸነፉን። ከዚያ አይቮሪ ኮስት 6 ለ 1፤ ከስድስቱ አምስቱን ያገባው ሎረን ፖኩ ነው። ፖኩ በሁለት ዋንጫ 14 ጎል አግብቶ በ2008 ሳሙኤል ኤቶ እስኪያልፈው ድረስ ክብረ ወሰኑን ይዞ ኖረ። ያችን ጨዋታ ያስታውሱ የነበሩ የካርቱም ሐበሾች ሲያነሷት ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ በሰው አገር መሸነፍ ሁለት ጊዜ ያማል። ከስምንት ዓመት በፊት የአፍሪካ ሻምፒዮን የነበረች አገር ናት።

ነገሩ ግን የአንድ ቀን አልነበረም። ሌሎቹ አገሮች በነዚያ ዓመታት ሊጋቸውን ሲያሰፉ፣ ልጆች ሲያፈሩ፣ እኛ ባለፈው ድል እንኖር ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው። ሌላው ፍርዴ ደግሞ፣ ስድስት ሲገባብህ በረኛውን የምትወቅስ ከሆነ ሰባተኛው እየመጣ ነው። ኳሱ የት እንደጠፋብህ፣ ማን ሳይሸፈን እንደቀረ፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እግራችሁ እንደከበደ ጻፍ። ከተሸነፍህበት ጨዋታ በኋላ ባለው ልምምድ ላይ ያንኑ ብቻ ሥራ።

ሽንፈት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መንግሥቱ ወርቁን ታውቃለህ፤ ያ የ1962 ባለጎል ኋላ አሰልጣኝ ሆኖ በ1982 ኢትዮጵያን ሊቢያ ለተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ አደረሳት፤ ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ጠፋን። መመለሻው በር ደግሞ ሱዳን ሆነች። በሴፕቴምበር 2012 በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸነፍን። አምስት ገባብን ብሎ ያለቀሰ ነበረ። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ይዞት የተመለሰው ግን በባላጋራ ሜዳ የተቆጠሩ ሦስት ጎሎችን ነው። በመልሱ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አገቡ፤ 2 ለ 0። በድምር 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው ጎል አለፍን። ካርቱም ያሉ ወገኖቻችን ያን ማታ እንዴት እንዳደሩ አንተ ትነግረኛለህ እንጂ እኔ አልነግርህም።

7. ወረቀቱን አትናቅ።

«እኔ ሜዳ ላይ ያደግሁ ነኝ» የሚል ሰው ፈቃድ ለማውጣት ይጸየፋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአሰልጣኝነት ፈቃድ ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ እስከ ፕሮ ይሄዳል። አንተ ከታችኛው ጀምር፤ የሕፃናቱ አሠራር ያለው እዚያ ነው። ያ ወረቀት ባይኖርህ ነገ ክለብ ቢፈልግህ በተጠባባቂ ወንበር ላይ እንኳ በሕግ አትቀመጥም። አረብኛህ ጥሩ ነው፤ ማንበቡንም አጠናክር፤ እንግሊዝኛ ጨምርበት።

የአቶ ይድነቃቸው ጉልበት ግማሹ ከወረቀት የመጣ ነው። ቋንቋ ያውቁ ነበር፤ ደንብ ያነቡ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ተነሥተው አንቀጽ ይጠቅሱ ነበር። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ አንድ እንኳ የራሷ ቦታ ስላልተሰጣት ከማጣሪያው ስትወጣ እሳቸውም ከገፋፊዎቹ አንዱ ነበሩ። በ1970 አህጉሪቱ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች። ያን ቦታ በጎል አላገኘነውም፤ በደብዳቤና በክርክር ነው።

8. የልጆቹን አካል ጠብቅ።

በአጭሩ። ካርቱም ከኤፕሪል እስከ ጁን ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ከዐስር ሶላት በፊት ልምምድ አትጀምር። ውኃ በየሩብ ሰዓቱ ይጠጡ። ውኃ መከልከልን እንደ ቅጣት የሚጠቀም አሰልጣኝ ካየህ በግልጽ ተናገረው። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከሩቅ ቀልቶ ሲመጣ ካየህ ኳሱን ሰብስበህ ልጆቹን ወደ ቤት ስደድ፤ አስም ያለበት ልጅ የትኛው እንደሆነ ቀድመህ እወቅ። ፊፋ «11 ፕላስ» የሚለው የማሟሟቂያ ሥርዓት አለ፤ 15 እንቅስቃሴ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ዕቃም ገንዘብም አይጠይቅም። በትክክል ሲሠራ ጉዳትን በሲሶና ከዚያም በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። አንተ ልጅ ሳለህ ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ቢኖር ጉልበትህ ዛሬ ሌላ ነበር ይሆናል። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ የዚያን ቀን አይመለስም፤ «ደህና ነኝ» ቢልህም። ወጌሻን አክብር፤ ያበጠ ጉልበት ግን ሐኪም ሳያየው አታሳሽ።

9. ደላላ ከሜዳህ ዳር አይቁም።

ይህን ስጽፍልህ እጄ ይከብዳል። ካርቱም በስደተኛው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዚያ ወዲያ በረሃው፣ ከበረሃው ወዲያ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ወዲያ ባሕሩ ነው። ጎበዝ ልጅ ባለበት ሜዳ ዳር ጥሩ የለበሰ ሰው መጥቶ መቆሙ አይቀርም። «ለሙከራ እወስደዋለሁ፤ አውሮፓ ክለብ አለኝ» ይላል። ለእናቲቱ ፎቶ ያሳያል። ገንዘብ የሚጠይቀው ኋላ ነው፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ፣ ልጁን በእጁ ካደረገ በኋላ።

ስለዚህ ሕጉን አጥንተህ ለእናቶች ንገራቸው። ፊፋ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ወኪል ነኝ የሚል ሰው የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ አሳየኝ በለው። እውነተኛ ክለብ ልጅ ሲፈልግ በራሱ ደብዳቤ፣ በፌዴሬሽን በኩል ይጠይቃል፤ የጉዞውንም ወጪ ከድሃ እናት አይሰበስብም። ይህን በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በአረብኛም ጽፈህ ሰው በሚያየው ቦታ ለጥፈው። ከዚህ ሥራህ የተነሣ ጠላት ታፈራለህ። የመንደሩን ሽማግሌዎችና ቄሱን፣ ሼኩንም ከጎንህ አድርግ፤ ብቻህን አትጋፈጣቸው።

10. ሜዳ ባይኖርም ቡድን ይኖራል።

ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ወዲህ በካርቱም ላይ የሆነውን አንተ በዓይንህ አይተሃል፤ እኔ አልደግመውም። ሜዳው ፈርሷል፣ ልጆቹ ተበትነዋል፣ ከምን ልጀምር ብለሃል። ሱዳናውያኑን ተመልከት። ሂላልና መሪኽ፣ ኦምዱርማን ላይ ስታዲየሞቻቸው ጎን ለጎን ያሉት ባላንጣዎች፣ የአገራቸው ሊግ ሲቆም በ2024 ወደ ሞሪታንያ ሄደው በዚያ ሊግ ተጫወቱ። ብሔራዊ ቡድናቸውን ደግሞ ክዌሲ አፒያ በ2023 ተረከበ። የቀድሞ የጋና ተከላካይና አምበል ነው፤ አሰልጣኝ ሆኖም ጋናን ለ2014ቱ ዓለም ዋንጫ ያደረሰ ሰው ነው። በአገሩ አንድ ጨዋታ ማድረግ የማይችል ቡድን ሰጡት። የሊቢያዋን ቤንጋዚን ሜዳው አደረገ። በኦክቶበር 2024 የገዛ አገሩን ጋናን እዚያው 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ሱዳን ለ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አለፈች፣ ጋና ቀረች።

አፒያ ይህን ሲሠራ የአጥቂና የተከላካይ ጉዳይ ብቻ አልነበረም የያዘው። ቤታቸው የተቃጠለ፣ ዘመዶቻቸው የጠፉ ተጫዋቾች ነበሩ። አንተም የምትሰበስባቸው ልጆች እንዲሁ ናቸው። ድንገት ድምፅ ሲሰማ መሬት ላይ የሚወድቅ ልጅ ይኖርሃል፤ ፊሽካህን እንኳ ቀስ ብለህ ንፋ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ውድድር አታድርግ። አራት ለአራት፣ ትንንሽ ጎል፣ ሁሉም ኳስ የሚነካበት፤ ሳይወዳደሩ ይጫወቱ። አንዱ ልጅ ጥግ ይዞ ቁጭ ቢል አትጎትተው፤ ኳስ አቀባይ አድርገው፣ በራሱ ሰዓት ይገባል። ሱዳናውያን ልጆችም ይግቡ። ዳፉሪውን ያስተማሩህ እነሱ ናቸው፤ ያች ከተማ ስንት ዓመት ሙሉ ያስጠጋችን በእነሱ ወላጆች ነው።

11. ደብተር ግዛ።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። ስሙን ከነአያቱ፣ የተወለደበትን ቀን፣ የእናቱን ስልክ፣ የሚማርበትን ትምህርት ቤት፣ በየትኛው እግሩ እንደሚመታ፣ የትኛው ጉልበቱ እንደታመመ ጻፍ። ዕድሜ ላይ እውነቱን ጻፍ። «ሁለት ዓመት ቀንስለት፣ ዕድል ያገኛል» የሚሉህ ይኖራሉ፤ ወላጁ ራሱ ሊለምንህ ይችላል። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ እያየ ነው፤ ውሸቱ የሚወጣው ልጁ ተስፋ ባደረገበት ቀን ነው። ከዚያ በፊትም ያለ ዕድሜው ከታናናሾቹ ጋር የሚሰለፍ ልጅ በጉልበቱ እያሸነፈ ኳስ ሳይማር ያድጋል፤ የታናሹንም ቦታ ይወስዳል።

የልደት ወረቀቱ በጦርነቱ የጠፋበት ልጅ ሲኖር ከእናቱ፣ ከክርስትና አባቱ ወይም ከጎረቤት ጠይቀህ ሁለት ምስክር አስፈርም። ደብተሩን ውኃ በማያስገባ ነገር ጠቅልለህ ያዘው። በየወሩ ገጾቹን በስልክህ ፎቶ አንሥተህ ካርቱም ለማይኖር ለአንድ የምታምነው ሰው ላክ። ለእኔ ብትልክ አስቀምጥልሃለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ስሞች ከመስቀል በፊት እጠብቃለሁ።